ድንቢጥ ከአየር ላይ

ዝሬንያኒን፣ 9 ማርች 2016

ውድ ስሬቴን፣

ከሉቦሚር ሙት ዓመት ወዲህ አንድ መስመር እንኳ ሳልጽፍልህ በመክረሜ አፍሬያለሁ። እንዳልደውልልህ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ዕድሜውን በመርከብ ሬዲዮ ክፍል ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ሲወጣ "የሰው ድምፅ በማሽን መስማት በቃኝ" ካለ ምን ይደረጋል? ወንድምህ በሕይወት ሳለም "ለስሬቴን መልሺለት" እያለ የሚያስጽፈው እኔን ነበር። አሁንም እኔው ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ጎረቤቴ ኮቪልካ የነገረችህ እውነት ነው። በአንድ ነገር ብቻ ተሳስታለች፦ አልሸጥኳትም፤ ሰጠኋት።

አዎ፣ ድንቢጥን። ሉቦሚር በሬዲዮ ፋብሪካው ሳለ በ1984 የሠራትን ትንሽ ኮምፒውተር፣ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝተን ጌም እንጫወትባት የነበረችውን፣ ሲያበሯት "ጪው" የምትለዋን። ፋብሪካው አንድ ክረምት ብቻ አምርቶ ተዋት። የተሸጡትም በየምድር ቤቱና በየቆሻሻው አለቁ። በዓለም ላይ የቀረችው የእኛዋ፣ ቁም ሳጥን ላይ የነበረችው ብቻ እንደሆነች የሰማሁት ከልጆቹ ነው።

ልጆቹ ከሱቦቲጻ ናቸው። ቩካሺን የሚባለው ረጅም ነው፣ ብዙ ያወራል፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በቀዳዳ ካልሲ ገባ። ኤቴልካ የሃንጋሪዎች ልጅ ናት፣ አትናገርም። ድንቢጥን አውርጄ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥላቸው፣ ልጅቷ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ነው የነካቻት። እንደ አዲስ ሊሠሯት ይፈልጋሉ። በኢንተርኔት መዋጮ ይጠራሉ፤ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ያዋጣል፣ ማሽኗ ስትሠራ በፖስታ ትደርሰዋለች። ለናሙና የእኛን ፈለጉ። በሻሽ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ቁጣህን ጽፈህ ላክልኝ፤ ውስጥህ አታስቀምጠው፣ ለደም ግፊትህ አይበጅም።

ዳሪንካ

ፔራስት፣ 21 ማርች 2016

እህቴ ዳሪንካ፣

የደም ግፊቴ ደብዳቤሽ እስኪደርስ ድረስ ጥሩ ነበር።

አልተቆጣሁም። ብቆጣ በዚያው ዕለት እጽፍልሽ ነበር። እኔ ግን ተረጋግቼ ጎረቤቴ አንጄልካ ዘንድ ሄድኩ፤ እንግዳ ማረፊያዋ ውስጥ ኮምፒውተር አላት። የልጆችሽን ገጽ ከፍታ አሳየችኝ። አዲሷ ድንቢጥ በፎቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፣ ታብረቀርቃለች። አጠገቧ የቡና ሲኒ አለ። የድንቢጥ ጥላ ወደ ግራ ወድቋል፤ የሲኒው ጥላ ወደ ቀኝ። ሁለት ፀሐይ የሚወጣበት አገር የት ነው? ፎቶ አይደለም፣ በኮምፒውተር የተሣለ ሥዕል ነው። ደግሜ እላለሁ፦ የሌለ ነገር ነው የሚያሻሽጡት።

እንዲህ ያለውን ቀድሜም ሰምቻለሁ። አንዱ ተነሥቶ የልጅነታችሁን ጌም አስነሣላችኋለሁ ይላል፤ ፀጉሩ የሸበተ ወንድ ሁሉ ዕንባ ይተናነቀዋል፣ ያዋጣል። ከዚያ ማሽኑም ሰውየውም የሉም። ገንዘቡ የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

ሉቦሚር የሞርስን የሬዲዮ ፊደል ያስተማረኝ አልጋችን መካከል ያለውን ግድግዳ በጣቱ እየመታ ነው። እናታችን አይጥ ያለ እየመሰላት ወጥመድ ታጠምድ ነበር። በድንቢጥ ውስጥ ያለችውን እያንዳንዷን የብየዳ ነጥብ ያስቀመጠው በእጁ ነው። መቃብሩ ላይ ያለው ስሙ ነው። እጁ ያለው ግን እዚያች ሳጥን ውስጥ ነው፤ አንቺ ደግሞ ካልሲው ለተቀደደ ወሬኛ ሰጠሽው።

መልሰሽ ውሰጂያት። እባክሽን።

ስሬቴን

ዝሬንያኒን፣ 2 ጁላይ 2016

ስሬቴን ሆይ፣

አይ፣ ያስፈረምኳቸው ነገር የለም። አይ፣ ጠበቃም አላማከርኩም። አዎ፣ ካልሲውን አይቼ ነው ያመንኩት፤ ሌባ ቢሆን ደህና ካልሲ ያደርግ ነበር።

የጥላውን ነገር ለኤቴልካ ስነግራት ፊቷ ቀላ። "ሁለት ፀሐይ" አለችና አፏን ይዛ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አፈረች። በሳምንቱ ሥዕሉ ከገጹ ተነሥቶ በቦታው የእንጨት ሞዴል ፎቶ ገባ፤ ያልተቀባ፣ አንድ ጥጉ የተሸረፈ። ከቀድሞው እጅግ ያስጠላል፤ እውነተኛ ግን ነው። ይህ ያንተ ሥራ ነው፣ ደስ ይበልህ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፤ እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ቩካሺን እሑድ መጥቶ ያዋጡት ሰዎች የጻፉትን አነበበልኝ። ያሰብኩት ሃምሳ፣ ስድሳ እብድ ነበር። ስሬቴን፣ ስሙ አላልቅ አለ! የአይብ ቡሬኩ ምድጃ ውስጥ አረረብኝ፣ አልተነሣሁም። አንድ የስኮፕዬ ሰው የጎረቤቱ ልጅ ስትጫወት ድንቢጥን ከአጥር ውጭ ቆሞ በመስኮት ብቻ ያያት እንደነበር ጽፏል፤ "አሁን ውስጥ ልገባ ነው" ይላል። አንዲት የሉብልያና ሐኪም ታላቅ ወንድሟን በሕይወቷ ያሸነፈችው በድንቢጥ ብቻ ነው፤ እሱ ይህን እስከ ዛሬ አላመነም። ወንድምህ በየትኛው ቤት፣ በማን ልብ ውስጥ እንደኖረ እኔ ሚስቱ አላውቅም ነበር። ሞቶም ጭምር።

ለገና ትደርሳለች ብለዋል። ገጹ ላይ "አሮጌ መልህቅ" የሚባል አንድ ክፉ ሰው በየቀኑ "ሌቦች!" እያለ ይጽፍባቸዋል። ምን ዓይነት ሥራ ፈት ይሆን?

ዳሪንካ

ፔራስት፣ 18 ፌብሩዋሪ 2017

እህቴ ዳሪንካ፣

የላክሽው የአሳማ ሥጋ ቋሊማ ደርሷል፣ ተበልቷልም፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሮጌ መልህቅ የሚባለውን ሰው አላውቀውም። የጻፈውን ግን አንብቤዋለሁ፣ አስተዋይ ሰው ይመስላል።

ገና አለፈ። ድንቢጥ የለችም። በኦክቶበር የፕላስቲኩ ቅርጽ ማውጫ ተሰነጠቀ አሉ። በኖቬምበር ከቻይና የሚመጣው ዕቃ ወደብ ላይ ቀረ አሉ። ከዚያ ወዲህ ዝም። ሰዉ ገጹ ላይ ይጮኻል፣ መልስ የሚሰጥ የለም። በባሕር ላይ አንድ መርከብ እንዲህ ዝም ሲል ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ብዙ ሌሊት የጠራሁት፣ ያልመለሰልኝ መርከብ አለ።

አንድ ጥያቄ ደጋግሜ ጠይቄሻለሁ፦ የሉቦሚር ማሽን ደህና ናት ወይ? በዓይንሽ አይተሻታል ወይ? አንቺ ስለ ጉልበትሽ ትጽፊልኛለሽ። ስለ ኮቪልካ ምራት ትጽፊልኛለሽ። አሁን ደግሞ ስለ ድመት ጻፍሽልኝ። ድመት የለሽም እኮ!

ከፋሲካ በኋላ ሱቦቲጻ እሄዳለሁ። ድንቢጥን ይዤ እመለሳለሁ።

ስሬቴን

ዝሬንያኒን፣ 1 ማርች 2017

ስሬቴን፣

አትሂድ። ለፋሲካ እኔ ዘንድ ና፤ እንቁላል እንቀባለን፣ መቃብሩ ላይ ሻማ እናበራለን፣ ያን ጊዜ ሁሉንም ቁጭ ብለን እናወራለን። ሱቦቲጻ አትሂድ። ድመቷ የጎረቤት ናት።

ዳሪንካ

ሱቦቲጻ፣ 23 ኤፕሪል 2017

ዳሪንካ፣

ለፋሲካ ያልመጣሁት አንቺ ፊት ስቀመጥ ሐሳቤን እንደምታስቀይሪኝ ስለማውቅ ነው። ይህን የምጽፍልሽ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለ ሆቴል ነው።

የሚሠሩት ከአንድ የብስክሌት ጥገና ቤት ጀርባ ነው። ስገባ ቩካሺን ሳጥን ተሸክሞ ቆሟል። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"የወንድሜ ማሽን የት አለች?" አልኩ።

"ጋሽ ስሬቴን፣ ቆይ አንዴ፣ ቡና—"

"ቡና አልጠየቅኩም። የት አለች?"

ኤቴልካ ከኋላ መጣች። ወደ አንድ ጠረጴዛ መራችኝ። ነጭ ጨርቅ ተነጥፎበታል። ዳሪንካ፣ ጨርቁ ላይ የነበረው የተበለተ ነገር ነው። ክዳኗ ለብቻ። ቁልፎቿ በተርታ፣ እንደ ጥርስ። የእጁ ብየዳ ያለበት ሰሌዳ ባዶውን፣ ዕቃዎቹ ተነቅለው። የምይዘውን አጣሁ። ዱላዬን አነሣሁ፤ ለመምታት ይሁን ለመደገፍ እስከ አሁን አላውቅም።

"ገደላችኋት" አልኩ።

"አዎ" አለች ልጅቷ። ልክ እንዲህ፣ "አዎ"። "ሥዕሉን የሚሠራው ቺፕ ለእሷ ብቻ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ጋሽ ስሬቴን። የንድፉ ወረቀት ከፋብሪካው ጋር ጠፍቷል። ውስጡን ለማወቅ ክዳኑን በአሲድ ማንሣት ነበረብን። ክዳኑ ከተነሣ አይመለስም።"

"ማን ፈቀደላችሁ?"

ሁለቱ ተያዩ። መልሱን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ቢሆንም ከአፏ እንድትናገረው ጠበቅኩ። "እትዬ ዳሪንካ" አለች። "ሲከፈትም እዚህ ነበሩ።"

ልወጣ ስል ክንዴን ያዘችኝ። "ከመሄድዎ በፊት አንድ ጊዜ ይዩት" አለችና ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጠችኝ። መነጽሬን አወለቅኩ። መጀመሪያ ጭጋግ ነበር፤ እሷ አስተካከለችልኝ።

እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ? ከጥፍሬ በምታንስ ነገር ውስጥ ከተማ አለ። ከሎቭቼን ተራራ አናት ቁልቁል እንደሚታይ ከተማ፤ መንገዱ፣ አደባባዩ፣ ጎን ለጎን የተኮለኮለው ቤት፣ ሁሉም በወርቅና በአረንጓዴ ብርሃን። አንድም የተንጋደደ ነገር የለም። ይህን ወንድሜ በሰም ወረቀትና በእርሳስ፣ ወጥ ቤታችሁ ውስጥ ነው የነደፈው! ስንት የበጋ ዕረፍት አብረን ስንበላ፣ ይህን ጭንቅላቱ ውስጥ ተሸክሞ ነው ዳቦ አቀብለኝ ይለኝ የነበረው። በባሕር ላይ ብዙ ነገር አይቻለሁ። እንደዚህ ትንፋሼ የቆመበትን አላስታውስም።

"ወደ ግራ ይዩ" አለችኝ። "አንዱ መንገድ ያለ ምክንያት ይዞራል። ቀጥ ብሎ መሄድ ሲችል ሦስቴ ታጥፎ ነው የሚደርሰው። ለምን እንደሆነ ለብዙ ጊዜ አልገባንም። ስህተት ነው ብለን በአዲሷ ላይ ስናቀናው ሥዕሉ ሁሉ ተበላሸ። በኋላ ገባን። በዚህኛው የሚመጣው ምልክት ፈጣን ነው፣ በዚያኛው የሚመጣው ዘገምተኛ። ጋሽ ሉቦሚር ዘገምተኛው እንዲደርስበት ብለው ነው የፈጣኑን መንገድ ያስረዘሙት።"

ዳሪንካ፣ ተነሥቼ ውጭ ወጣሁና ብስክሌቶቹ መካከል ቆምኩ። ልጆች ሳለን ተራራ ስንወጣ ሉቦሚር ሁልጊዜ ዙሪያውን በሚሄደው መንገድ ይሄድ ነበር። ቁጥቋጦውን የወደደ ይመስለኝ ነበር። እግሬ አጭር ስለነበረ ነው።

ስመለስ "ትሠራለች ወይ? አዲሷ?" ብዬ ጠየቅኩ። ቩካሺን አፉን ከፈተ። ልጅቷ ቀደመችው፦ "አናውቅም" አለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከእነሱ የሰማሁት የመጀመሪያ የሚታመን ቃል እሱ ነው።

ሌቦች አይደሉም። አንቺን ግን ገና አልማርኩሽም። ለምን አልነገርሽኝም?

ስሬቴን

ዝሬንያኒን፣ 5 ሜይ 2017

ውድ ስሬቴን፣

ጽፌ ቀደድኩ፣ ጽፌ ቀደድኩ። ይኸኛውን ሳላነብ ፖስታ ውስጥ እከተዋለሁ።

ሉቦሚር ካረፈ በኋላ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ድንቢጥን አበራት ነበር። አልጫወትም፤ ድምጿን ልሰማ ብቻ። ከጊዜ በኋላ ለመብራት ትቆይ ጀመር። አንድ እሑድ የሥዕሉ ግማሽ ብቻ መጣ፣ የቀረው ጥቁር። በሚቀጥለው ደግሞ ሩብ። የምትሞተው ቁም ሳጥን ላይ ነበር፣ ስሬቴን፣ እኔ ፊት፣ በየሳምንቱ። ልጆቹ በሬን ያንኳኩት ያን ሰሞን ነው። እነሱም ሊከፍቷት አልደፈሩም፤ ዙሪያዋን እየዞሩ ወራት ፈጁ። "ክፈቷት" ያልኩት እኔ ነኝ። ኤቴልካ እጇ አልረጋ ሲላት ክንዷን የያዝኩላትም እኔ ነኝ። መስኮቱ ተከፍቶ ነበር፤ የአሲዱ ሽታ ግን ከልብሴ ለመውጣት ብዙ ቀን ፈጀ።

ላንተ ብነግርህ "አይሆንም" ትል ነበር። ያንተን "አይሆንም" ደግሞ እኔ አልችለውም፤ ድምፅህ የእሱ ነው። ስለዚህ ስለ ድመት ጻፍኩልህ።

አሁን እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ገጹ ላይ በእያንዳንዱ ስድቡ መካከል "ደግሜ እላለሁ" የሚል፣ ጊዜውን በመርከበኛ ሰዓት የሚጽፍ፣ ሌባን ሁሉ "የባሕር ጥንብ" የሚል ሰው አለ። አሮጌ መልህቅ ሆይ፣ አታፍርም? ልጆቹ ከጅምሩ አውቀውሃል። ያኔ ስትሄድ ዱላህን ትተህ ቀና ብለህ ግድግዳውን ብታይ፣ ኤቴልካ ስድብህን አትማ ለጥፋው ታገኘው ነበር። ቩካሺን "ንቀሽ ተዪው" ሲላት፣ ኤቴልካ "ከዚህ ሁሉ አድናቂ ይልቅ እሱ ነው የሚጠቅመን" አለችው። ከሁሉ በላይ በቀይ ያሰመረችበት ይኼኛው ነው፦ "ድንቢጥ ጌሟን ከሬዲዮ ነበር የምትቀበለው። ከአየር ላይ መቀበል ካልቻለች ድንቢጥ ሳትሆን የፕላስቲክ ሳጥን ናት።"

እውነትህን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሬዲዮው ያን ጩኸት ሲያሰማ፣ አገሩ በሙሉ ቴፕ ደቅኖ በካሴት ሲቀዳ፣ ከካሴቱ ወደ ማሽኑ ሲከት አስታውሳለሁ። አሁን ማን ያደርገዋል? ኤቴልካ "እናደርገዋለን" አላለችም። "አሮጌ መልህቅ መልስ ይገባዋል" ብቻ ነው ያለችው።

ማርከኝ?

ዳሪንካ

ፔራስት፣ 30 ሴፕቴምበር 2018

እህቴ ዳሪንካ፣

አዲሷ ድንቢጥ መጣች። ፖስተኛው የፈረምኩበትን ወረቀት እንኳ ሳይቀበለኝ ሣጥኑን ቀደድኩት። ሰውየው እስካበራት ድረስ አልሄደም። ጪው አለች። ድምፁን ሳልዘጋጅ ነው የሰማሁት፣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ፖስተኛው ውኃ አመጣልኝ።

ይኸው አምኛለሁ። እንድታሞግሺኝ አልጽፍም፤ በአሮጌ መልህቅ ስም ገጹ ላይም ጽፌያለሁ፣ አንብቢው።

ስለ ሬዲዮው ግን ጠይቀሽኛል፤ እውነቱን ልንገርሽ። አይሆንም። ትናንሽ ጣቢያዎች ከየአገሩ ተስማምተው፣ እሑድ ኦክቶበር 14 ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ አብረው ሊያሰራጩት ነው አሉ፤ ጥሩ። ነገር ግን የዛሬ አየር የያኔው አይደለም። እያንዳንዱ ፍሪጅ፣ እያንዳንዱ ሞተር፣ እያንዳንዱ ቻርጀር ሬዲዮ ላይ ረብሻ ይተፋል። እዚህ ደግሞ ተራራው ከበበን፤ ድምፁ እየተቆራረጠ ነው የሚደርሰን። ከዚያ ጩኸት መሐል አንዲት ቅንጣት ከጎደለች ጌሙ አይነሣም። ደግሜ እላለሁ— ተይው፣ አልደግምም።

ልጅቷ እንዳታዝን አጠገቧ ሁኚ።

ስሬቴን

ፔራስት፣ 15 ኦክቶበር 2018

ዳሪንካ፣ እህቴ፣

ሌላውን ሁሉ ትቼ ትናንት የሆነውን ልንገርሽ፤ እንደ ሆነ፣ ሳይቀዘቅዝ።

ቤቴ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ሬዲዮውን፣ ቴፑን፣ ቴሌቪዥኑንና ድንቢጥን አውጥቼ የባሕሩ ዳር ድንጋይ ላይ፣ አንጄልካ በር አጠገብ ደረደርኳቸው። ሥራ የፈታ ሁሉ ተሰበሰበ። አንጄልካ ወንበር አወጣች፤ አንዱ የፕሪም አረቄ ይዞ መጣ። ካፒቴን ትሪፖን ታውቂዋለሽ፣ ቱሪስት ወደ ደሴቷ ቤተ ክርስቲያን የሚያመላልሰውን። በጀልባው ባለፈ ቁጥር "ስሬቴን! ድንቢጧ እንቁላል ጣለች?" እያለ ይጮኻል።

ሰዓቱ ደረሰ። የሬዲዮዋ ልጅ "ቴፓችሁን አዘጋጁ" አለች። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ ፌንጣ በቆርቆሮ ተሞልቶ ሲነቀነቅ የሚመስለው። ሕፃናቱ ጆሯቸውን ያዙ። ቀዳሁት። ለድንቢጥ ሰጠኋት። ስክሪኑ ጥቂት መስመር ጀምሮ ቆመ። ምንም።

"ብዬ ነበር እኮ" አልኩ። ትክክል መሆኔ እንደ ትናንት አስጠልቶኝ አያውቅም። አንጄልካ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ጣቢያው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይደግመዋል ተባለ። ምን ዋጋ አለው ብዬ ገመዱን መንቀል ጀመርኩ። ከዚያ ምን እንዳደረገኝ አላውቅም፤ ቤት ገብቼ የመርከብ ማዳመጫዬን አመጣሁ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ጆሮዬ ላይ አድርጌው አላውቅም።

ሰማሁ። እጅ እንደማይረሳ ሁሉ ጆሮም አይረሳም። ያ ትርትር የአንጄልካ ፍሪጅ ነው። ያ እንቅ እንቅ የሚለው ዓሣ ቤቱ ያለው ማቀዝቀዣ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ደግሞ ባሕሩ መሐል ነው።

"ትሪፖ!" ብዬ ጮኽኩ። "ሞተርህን አጥፋ!"

"ሰው ጭኛለሁ!"

"አጥፋው አልኩህ!"

"ምን ሆነሃል አንተ ሽማግሌ?" አለ። ግን አጠፋው።

ልዩነቱ ወዲያው ተሰማኝ። "አንጄልካ፣ ፍሪጅሽን" አልኩ። ሮጣ ገባች። ዓሣ ቤቱ ሰውዬ ያዘዘው ሳይኖር ማቀዝቀዣውን ነቀለ። ከዚያ እኔ መናገር አላስፈለገኝም፣ ዳሪንካ። ከቤት ወደ ቤት ተቀባበሉት፤ "አጥፉ፣ ስሬቴን ሊሰማ ነው" እየተባለ በባሕሩ ዳር ሁሉ ሄደ። ሙዚቃው ቆመ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቆመ። ከዚያ ማዶ የነበረ ጀልባ ምክንያቱን እንኳ ሳያውቅ ትሪፖን አይቶ ሞተሩን አጠፋ፤ ሌላውም እሱን አይቶ። ቱሪስቶቹ ጀልባው ላይ ዝም ብለው ይንሳፈፋሉ፣ ማንም ምንም አልነገራቸውም። ተወልጄ ባደግኩበት ቦታ ውኃው ድንጋዩን ሲልስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁ መሰለኝ።

ድምፁ ተመልሶ መጣ። ጥርት ብሎ። እንደ ምንጭ ውኃ። እንደገና ቀዳሁት። አልቆ ለድንቢጥ ስሰጣት ማንም ወንበሩ ላይ አልነበረም። ስክሪኑ መስመር ሠራ። ሌላ መስመር። ከታች ወደ ላይ፣ ቀስ እያለ፣ ማንም የማያየው ሰው እንደሚሸምነው። እግር ወጣ። ጅራት ወጣ። ከዚያ ወፏ ሙሉ ሆነች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችን።

ወፍ ከአየር ላይ መጣች፣ ዳሪንካ! ድምፅ ሆና ተራራ ተሻግራ፣ እኛ በር ላይ መጥታ ሥጋ ለበሰች። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ሁሉንም አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን የኖርኩበት ነው። ሳውቀው ነው እንዲህ የሆንኩት።

ትሪፖ ነው ከባሕሩ ላይ በቀስታ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለ ሰው፣ "ገባ ወይ?" ያለው።

"ገባ!" አለ የባሕሩ ዳር በሙሉ።

ከዚያ በኋላም ሞተሩን ቶሎ ያስነሣ አልነበረም። አረቄ የያዘው ሰው ብርጭቆ መቅዳት ረስቶ ጠርሙሱን ታቅፎ ቆሞ ነበር።

አንቺ ዘንድስ? ልጅቷስ? ጻፊልኝ። ወይም፣ ከፈለግሽ፣ ደውዪ።

ስሬቴን

ዝሬንያኒን፣ 20 ኦክቶበር 2018

ውድ ስሬቴን፣

ልደውልልህ ስልኩን አንሥቼ ነበር፤ ድምፅህን ስሰማ የማለቅስ ስለመሰለኝ መልሼ አስቀመጥኩት። በሚቀጥለው እደውላለሁ። ይህኛው ይጻፍ።

እኔ የነበርኩት እዚሁ ከተማችን ስቱዲዮ ነው። ኤቴልካ ቴፑን እኔ እንዳስጀምር ፈለገች። ቁልፉ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ቩካሺን ጥግ ላይ ቆሞ ከንፈሩን ይነክሳል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል አንድ ቃል አልወጣውም፣ ይህን ለታሪክ መዝግብልኝ። ተጫንኩት። ድምፁ ሄደ። ከዚያ በኋላ የምናደርገው አልነበረም። ኤቴልካ ሶፋው ላይ ተኮራምታ "አንድም ሰው ባይደርሰውስ?" አለችኝ። ምን ልበላት? አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ አንተ እንዳልከኝ።

ስልኩ ጮኸ። ልጁ አነሣ። ከወዲያ የመጣው ድምፅ ሰላምታ የለው፣ ስም የለው፤ "ገባ!" ብሎ ብቻ ጮኸና ዘጋው። ሳቅን። ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ "ገባ!" ከቢቶላ። ከዚያ ከኦሲየክ። ከዚያ አንድ ኮረብታ ላይ መኪናው ውስጥ ሆኖ የተቀበለ ሰው ከማሪቦር፤ ከኋላው የሚስቱ ጩኸት ይሰማል፣ ተናዳ ይሁን ተደስታ አልለየሁም። እነዚህ ከተሞች በአንድ ቀን አንድ ነገር ከሰሙ ስንት ዘመናቸው ነው? ስንቱ ተገዳድሎ፣ ስንት ድንበር ተሠርቶ፣ ያን ዕለት ግን ስልኩን ያነሣ ሁሉ በየራሱ አነጋገር ያንኑ አንድ ቃል ይለናል። ኤቴልካ ፊቷን ጉልበቷ ውስጥ ቀብራ ታለቅስ ነበር። ሉቦሚርን "ኧረ ስማ" ልለው ዞር አልኩ፤ መሞቱን እንደዚያ ረስቼ ነበር።

መጨረሻ ላይ ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ጸጥ አለ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ልዘጋው ስል የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ፤ ከቢሃች። ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ቁጥሩን የሰማችው ከሬዲዮው ነው።

"ልጄ ሥራ ቦታ ተጠርቶ ሄደ" አለችኝ። "ሬዲዮውን ከአንዲት ሳጥን ጋር አያይዞ እንደበራ ትቶልኛል። 'እማ፣ እንዳትነኪው' ብሎኛል፤ አልነካሁም። ጮኸ ጮኸና አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ ወፍ አለች። ታየኛለች። ምን ላድርግ የኔ ልጅ፣ ላጥፋው?"

"አያጥፉት፣ እናቴ" አልኳት። "እስኪመጣ ይቆይለት።"

"እሺ" አለች። "እንግዲያው አጠገቧ እቀመጣለሁ።"

ዳሪንካ